ቁልፉ በማን እጅ ነው? የክሪፕቶ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ስለ መግዛት፣ ስለ ማስቀመጥና ስለ ማይኒንግ (በኮምፒውተር ሥራ አዲስ ሳንቲም ስለ ማግኘት) ከደረሱን ደብዳቤዎች ተደጋግመው የመጡትን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን አቅርበናል። «የትኛው ሳንቲም ይጨምራል?» ያላችሁን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ የዋጋ ትንበያ የዚህ ዓምድ ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ቢትኮይንና ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተሳሰረ ሳንቲም) በሙሉ ያለው ኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት) ላይ ነው። ጓደኛዬ «አውጣው፣ ያንተ አይደለም» እያለ ያስፈራራኛል። ድርጅቱ ትልቅ ነው፤ ችግርም ገጥሞኝ አያውቅም። ማውጣት አለብኝ? ካለብኝስ እንዴት? (ሰ.ወ.)

መልስ፦ ጓደኛዎ አጋነነው እንጂ አልተሳሳተም። ኤክስቼንጁ ላይ የሚያዩት ቁጥር ድርጅቱ «ይህን ያህል የእርስዎ ዕዳ አለብኝ» ብሎ የያዘልዎ መዝገብ ነው። ሳንቲሙን የሚያንቀሳቅሰው የግል ቁልፍ (ምስጢራዊ ኮድ) ያለው በእነሱ እጅ ነው። ትልቅነትም ዋስትና አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ኪሳራ ያወጀው ማውንት ጎክስ በዘመኑ ግንባር ቀደም ነበር፤ በኖቬምበር 2022 የወደቀው ኤፍቲኤክስም ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። በሌላ በኩል በፌብሩዋሪ 2025 ከባይቢት ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኢቴሪየም ተዘርፎ ድርጅቱ ጉድለቱን ሸፍኗል፤ ደንበኞቹም ማውጣታቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ ውሳኔው የልክ ጉዳይ ነው። ነገ ቢጠፋ ኑሮዎን የማያናጋው፣ ለመግዛትና ለመሸጥ የሚያንቀሳቅሱት ትንሽ ገንዘብ እዚያው ይቀመጥ። ከወር ገቢዎ የሚበልጠውን ግን ሃርድዌር ዋሌት (ቁልፉን ከኢንተርኔት ውጪ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ) ላይ ቢያደርጉት ይሻላል እንላለን።

ዕቃውን የሚገዙት ከአምራቹ ወይም አምራቹ በድረ ገጹ ከዘረዘራቸው ሻጮች ብቻ ይሁን። ሳጥኑን ሲከፍቱ 12 ወይም 24 ቃላት (ዋሌቱን የሚከፍቱት ምስጢራዊ ቃላት) አስቀድሞ የተጻፈበት ካርድ ካገኙ፣ ካርዱ የቱንም ያህል ቢያምር ዕቃውን አይጠቀሙበት፤ ቃላቱን የጻፈው ሰው ገንዘቡ እስኪገባ እየጠበቀ ነው። ከዕቃው ጋር የሚሠራውን አፕ ለማውረድ የድረ ገጹን አድራሻ በእጅዎ ይጻፉ እንጂ ከፍለጋ ውጤት አናት ላይ ያለውን ማስታወቂያ አይጫኑ። ፈርምዌሩን (ዕቃው የሚሠራበትን ውስጣዊ ፕሮግራም) ያድሱ፤ ከዚያ «አዲስ ዋሌት ፍጠር» የሚለውን ይምረጡ። ቃላቱ የሚወጡት በዕቃው በራሱ ስክሪን ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ ቃላቱን እንዲያስገቡ ከጠየቀዎት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ያቁሙ።

ቃላቱን በእስክሪብቶ፣ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ይጻፉ። የቃላቱ ዝርዝር 2,048 ቃላት ብቻ ያሉት ሲሆን የተዘጋጀውም የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት እንዳይመሳሰሉ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ብረት ላይ የሚቀርጽ ሰው ከእያንዳንዱ ቃል አራት ፊደል ቢቀርጽ ይበቃዋል። ወረቀት እሳትና ውሃ አይችልም፤ ገንዘቡ ከፍ ካለ የብረት ሰሌዳ ይግዙ። ሁለት ሙሉ ቅጂ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ። ስድስቱን እዚህ፣ ስድስቱን እዚያ ብሎ መክፈል ብልህነት ቢመስልም አንዱ ቦታ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ደረጃ ቀጥሎ ያለው ነው። መጀመሪያ በጣም ትንሽ ገንዘብ ወደ አዲሱ ዋሌት ይላኩ፤ ከመላክዎ በፊት አፑ ያሳየውን አድራሻ ዕቃው ስክሪን ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ገንዘቡ ሲደርስ ዕቃው የያዘውን ሁሉ ሆን ብለው ይደምስሱ፤ የተሳሳተ ፒን ደጋግሞ በማስገባት ወይም በሴቲንግ ውስጥ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው በመመለስ። ከዚያ ከወረቀቱ ላይ ቃላቱን አስገብተው ይመልሱት። ያው አድራሻና ያው ትንሽ ገንዘብ ከታየ ወረቀትዎ ትክክል ነው፤ ቀሪውን ይላኩ። ካልታየ የጠፋዎት የሙከራው ሳንቲም ብቻ ነው።

ኤክስቼንጁ ላይ ለሚቀረው ደግሞ የመግቢያ ኮድ በአጭር የጽሑፍ መልእክት መቀበሉን ትተው ኦተንቲኬተር አፕ (ኮዱን ስልክዎ ላይ ራሱ የሚያወጣ) ይጠቀሙ፤ ሲም ካርድዎን በስምዎ አስለውጦ የሚወስድ ሌባ የመልእክት ኮዱን አብሮ ይወስደዋል። ገንዘብ የሚወጣባቸውን አድራሻዎች አስቀድመው መዝግበው ወደ ሌላ እንዳይላክ የሚያግደውን ሴቲንግም ያብሩ።

ጥያቄ፦ 12ቱን ቃላት ስክሪንሾት አንስቼ ነበር። አሁን አጥፍቼዋለሁ። ይበቃል? (ት.)

መልስ፦ አይበቃም። ፎቶው ክላውድ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ «በቅርቡ የጠፉ» በሚለው ፎልደር ውስጥም ለሳምንታት ይቆያል። የጋለሪ ፈቃድ የሰጡት የትኛውም አፕ አይቶት ሊሆን ይችላል፤ ከፎቶ ላይ ጽሑፍ አንብበው እነዚህን ቃላት የሚለቅሙ ቫይረሶች አሉ። አዲስ ዋሌት በአዲስ ቃላት ይፍጠሩ፣ ገንዘቡን ዛሬውኑ ያዛውሩ፣ አሮጌውን ይተዉት። የይለፍ ቃል መቀየር አይረዳም፤ የይለፍ ቃሉ የሚቆልፈው አፑን ነው፣ ቃላቱ ግን ከየትኛውም ስልክ ላይ ገንዘቡን ይከፍታሉ።

ጥያቄ፦ ወረቀቱ ረጥቦ ከ12ቱ ቃላት ሰባተኛው አይነበብም። ሌሎቹ አሉ። ገንዘቤ ሄደ ማለት ነው? (የተጨነቀች አንባቢ)

መልስ፦ አልሄደም፤ የዚህ ወር ምርጡ ዜና የእርስዎ ነው። ቦታው የታወቀ አንድ ቃል ሲጎድል የሚሞከረው ቢበዛ 2,048 ቃል ነው። ከዚያም ሁሉም አይሠሩም፤ የመጨረሻው ቃል ውስጥ ማረጋገጫ ስለተሸሸገ ከ16 ሙከራ በአማካይ አንዱ ብቻ ያልፋል። ስለዚህ 128 ያህል ዕጩዎች ይቀራሉ (ዋሌቱ ባለ 24 ቃል ቢሆን ደግሞ 8 ያህል ብቻ)። እያንዳንዱን ዕጩ አስገብቶ የድሮ አድራሻዎ ይወጣ እንደሆነ ማየት ነው። ይህን የሚሠራ ቢቲሲሪከቨር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ኢንተርኔቱ በተቋረጠ ኮምፒውተር ላይ ያሂዱት። የሚነበብ አንድ ሁለት ፊደል እንኳ ካለ ሥራው በጣም ያጥራል። ቀሪዎቹን 11 ቃላት ግን ለማንም «ባለሙያ» አይላኩ፤ እርስዎ ማግኘት የሚችሉትን እሱም ያገኘዋል። ገንዘቡ ሲገኝም ወደ አዲስ ዋሌት ያዛውሩት።

ጥያቄ፦ ቃላቱን በትክክል አስገብቼ ዋሌቱ ዜሮ ያሳያል። (ዳ.ኃ.)

መልስ፦ ቃላቱ ተቀባይነት ካገኙ ገንዘቡ ያለው ሌላ «በር» ጀርባ ሳይሆን አይቀርም። በመጀመሪያ የአድራሻውን ዓይነት ይቀይሩ። ቢትኮይን ውስጥ በ1፣ በ3 እና በ«ቢሲ1» (bc1) የሚጀምሩ አድራሻዎች ከአንድ ዓይነት ቃላት በተለያየ መንገድ ስለሚወጡ የተሳሳተውን የመረጠ ዋሌት ባዶ ይመስላል። ስፓሮው ዋሌት የሚባለው ፕሮግራም ይህን መንገድ በግልጽ ያስመርጣል። ሁለተኛ፣ ዋሌቱ የተፈጠረው ኤሌክትረም በሚባለው ፕሮግራም ላይ ከሆነ የእሱ 12 ቃላት የራሳቸው ደንብ ስላላቸው እዚያው ኤሌክትረም ላይ ይመልሱት። ሦስተኛው ከበድ ይላል፤ ሲፈጥሩ ፓስፍሬዝ (ከቃላቱ በተጨማሪ ራስዎ የሚመርጡት ምስጢራዊ ጽሑፍ) ጨምረው ከነበር፣ አንዲት ፊደል ወይም ባዶ ቦታ ብትሳሳት «ስህተት» የሚል መልእክት አይመጣም፤ ሌላ ባዶ ዋሌት በጸጥታ ይከፈታል። ለዚህ ነው ፓስፍሬዝን ለጀማሪ የማንመክረው።

ጥያቄ፦ ዩኤስዲቲ በፒቱፒ (ከሰው ለሰው ግብይት) ስገዛ ሻጩ «ከአፑ ውጪ በቴሌግራም እንጨርስ፣ ዋጋ እቀንሳለሁ» አለኝ። ስሸጥ ደግሞ አንዳንዱ በዘመዱ አካውንት ልክፈል ይላል። (ነ.በ.)

መልስ፦ ሁለቱንም እምቢ ይበሉ። ፒቱፒ ደህና የሚሆነው ኤክስቼንጁ የሻጩን ሳንቲም በአደራ ስለሚይዘው ነው፤ ከአፑ ሲወጡ ያ አደራ አብሮ ይቀራል።

ሲገዙ በስምዎ ካለ አካውንት ብቻ ይክፈሉ፤ የተቀባዩ ስምም ኤክስቼንጁ ላይ ካለው የሻጩ ስም ጋር አንድ መሆኑን ይዩ። ከከፈሉ በኋላ «ከፍያለሁ» የሚለውን ይጫኑ። ሻጩ «ሲስተሙ ተበላሽቷል፣ ሰርዘውና እንደገና እንጀምር» ቢልዎት በፍጹም አይሰርዙ፤ በሰረዙ ቅጽበት በአደራ የተያዘው ሳንቲም ወደ እሱ ይመለሳል፣ ገንዘብዎም ቀድሞ ደርሶታል። ቅሬታ መክፈቻውን ይጫኑና ደረሰኙን ያያይዙ።

ሲሸጡ ስክሪንሾትም ሆነ «ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት ማስረጃ አይደለም፤ ሁለቱም በደቂቃ ይፈበረካሉ። የባንክ አፑን ራስዎ ከፍተው ቀሪ ሒሳቡን ካዩ በኋላ ብቻ ይልቀቁ። «የዘመድ አካውንት» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘመድ አይደለም። ሌላ ቦታ ስልክ ወይም መኪና እገዛለሁ ብሎ የተታለለ ሰው ገንዘቡን ወደ እርስዎ አካውንት ይልካል፤ አጭበርባሪው ዩኤስዲቲውን ይዞ ይሄዳል፤ ተበዳዩ ባንኩ ጋ ሲያመለክት የሚታገደው የእርስዎ አካውንት ነው። ስሙ ካልተመሳሰለ ገንዘቡን ወደ መጣበት ይመልሱና ትዕዛዙን በቅሬታ ይዝጉ። የምትኖሩበት አገር ሕግ ስለ ግዢው የሚለውን አስቀድሞ ማወቅም የእያንዳንዳችሁ ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦ በትሮን ኔትወርክ የገባልኝን ዩኤስዲቲ መላክ አልቻልኩም፤ «በቂ ሒሳብ የለም» ይላል። 200 ዩኤስዲቲ አለኝ እኮ! (ፍ.)

መልስ፦ የኔትወርኩ ክፍያ የሚቆረጠው በዩኤስዲቲ ሳይሆን በትሮን ሳንቲም ነው። 30 ትሮን ያህል ገዝተው ወደዚያው አድራሻ ይላኩ። ተቀባዩ ዩኤስዲቲ ይዞ የማያውቅ አዲስ አድራሻ ከሆነ ክፍያው ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ትንሽ ትርፍ መያዝ ይበጃል። ኢቴሪየም ላይም እንዲሁ ነው፤ ክፍያው በኢቴር ነው።

ይህችን እውቀት የሚጠቀም ወጥመድም አለ። አንድ ሰው የማያውቅ መስሎ «ዋሌቴ ውስጥ ዩኤስዲቲ አለ፣ እንዴት ላውጣ?» ብሎ 12 ቃላቱን በአደባባይ ይለጥፋል። ከፍተው ሲያዩት እውነትም ገንዘብ አለው፤ የጎደለው ትሮን ብቻ ነው። ለክፍያው ትሮን ሲልኩ ወዲያው ይወሰዳል፤ ዩኤስዲቲው ደግሞ የሌላ አካውንት ፊርማ ካልታከለበት ንቅንቅ አይልም።

ኔትወርክ አሳስታችሁ ለላካችሁም አንድ ቃል፦ በ«0ኤክስ» (0x) የሚጀምር አድራሻ ኢቴሪየም፣ ቢኤንቢ ቼይንና ፖሊጎን ላይ ያው ነው። የላካችሁት ወደ ራሳችሁ ዋሌት ከሆነ ትክክለኛውን ኔትወርክ ዋሌቱ ላይ ጨምሩ፤ ገንዘቡ ይታያል። ወደ ኤክስቼንጅ ከሆነ ቁልፉ የእነሱ ስለሆነ የደንበኞች አገልግሎቱን መጠየቅ ብቻ ነው መፍትሔው፤ ሁሉም ኤክስቼንጅ አይመልስም።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ የምልክበትን አድራሻ ከታሪክ ላይ ኮፒ አድርጌ ላክሁ፤ ለማላውቀው ሰው ሄደ። ቫይረስ ነው? (ገ.አ.)

መልስ፦ ቫይረስ አይመስልም። አጭበርባሪዎች እርስዎ ከማን ጋር እንደሚላላኩ ብሎክቼይኑ (ለሁሉም ክፍት የሆነው የግብይት መዝገብ) ላይ በግልጽ ያያሉ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ጥቂት ፊደላት ከወዳጅዎ አድራሻ ጋር አንድ የሆነ አድራሻ በኮምፒውተር ይፈልጉና ከእሱ ዜሮ ወይም ቅንጣት ገንዘብ ይልኩልዎታል። አድራሻው ታሪክዎ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ዋሌቱ ደግሞ መሐሉን በነጥብ ስለሚያሳጥረው ሁለቱን መለየት ያቅታል። ወዳጅዎን ከዋሌቱ የአድራሻ መዝገብ በስም ያስቀምጡ፤ ከታሪክ ላይ ኮፒ አያድርጉ። ሲያረጋግጡም ከመሐል አምስት ስድስት ፊደል ይጨምሩ።

ኮፒ ያደረጉትን አድራሻ ሲለጥፉ በሌላ የሚተካ ቫይረስም መኖሩ እውነት ነው። እሱ የሚያዘው ለጥፈው ካበቁ በኋላ ሃርድዌር ዋሌቱ ስክሪን ላይ የሚወጣውን አድራሻ ከመጀመሪያው ምንጭ ጋር ሲያስተያዩ ነው። የባይቢቱ ዘረፋም የተፈጸመው ፈራሚዎቹ ኮምፒውተር ላይ ያዩት ገጽ ትክክለኛ መስሎ የፈረሙት ግን ሌላ ስለነበር ነው።

ጥያቄ፦ ሜታማስክ በሚባለው ዋሌቴ ውስጥ ያልገዛሁት ቶከን (ሳንቲም) ገብቷል፤ ድረ ገጽ ሄጄ እንድቀይረው ይላል። (ሐ.)

መልስ፦ አይንኩት። ድረ ገጹ «አፕሩቭ» እንዲጫኑ ይጠይቅዎታል፤ ያ ፈቃድ አጭበርባሪዎች ዩኤስዲቲዎን ያለ ገደብ እንዲወስዱ የሚፈቅድ ፊርማ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት ፈርመው ከነበር ሪቮክ ዶት ካሽ ላይ ገብተው ያልተሻሩ ፈቃዶችን አንድ በአንድ ይሻሩ፤ እያንዳንዱ ሽረት ትንሽ የኔትወርክ ክፍያ ያስከፍላል። ከዋሌቱ «ዲስኮኔክት» ማለት ፈቃዱን አይሽረውም።

ጥያቄ፦ ቤቴ ማይኒንግ ልጀምር ነው። ያገለገለ አንትማይነር ኤስ19 ፕሮ የማይኒንግ ማሽን በርካሽ አግኝቻለሁ፤ አዲሱ ኤስ21 ግን ውድ ነው። ስልክ ላይ የሚሠራ አፕም አለ ይላሉ። የቱ ያዋጣል? (ብ.መ.)

መልስ፦ ስልኩን በአንድ አፍታ እናሰናብተው። ኤስ21 በሰከንድ 200 ትሪሊዮን ሙከራ (200 ቴራሃሽ) ያደርጋል፤ የስልክ ፕሮሰሰር ከዚያ ጎን አይቆጠርም። ስልክ ላይ እየጨመረ የሚታየው ቁጥር ማስታወቂያ ለማሳየት ወይም በመጨረሻ «ለማውጣት መክፈቻ ክፈል» ለማለት ነው። ማሽኑን ሳያሳዩ ወርኃዊ ትርፍ ቃል የሚገቡ «ክላውድ ማይኒንግ» ድረ ገጾችንም እዚያው ላይ ይደምሯቸው።

ወደ ማሽኖቹ እንምጣ፤ ሒሳቡን ለብቻዎ መሥራት ይችላሉ። ቢትኮይን በየ10 ደቂቃው ገደማ፣ በቀን 144 ብሎክ (የግብይት ጥቅል) ያወጣል። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ የአንዱ ሽልማት 3.125 ቢትኮይን ስለሆነ የቀኑ ድምር 450 ነው። የዓለም ጠቅላላ ሃሽሬት (ማሽኖች ሁሉ በሰከንድ የሚያደርጉት ሙከራ) 800 ኤክሳሃሽ፣ ማለትም 800 ሚሊዮን ቴራሃሽ ነው እንበል (ቁጥሩ ስለሚቀያየር የዕለቱን ይዩ)። የእርስዎ 200 ቴራሃሽ የዚያ አራት ሚሊዮንኛ ነው፤ ድርሻዎ በቀን 11,250 ሳቶሺ (የቢትኮይን መቶ ሚሊዮንኛ) ይሆናል። ኤስ21 3,500 ዋት ስለሚበላ በቀን 84 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። 11,250ን ለ84 ሲያካፍሉ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 134 ሳቶሺ ያህል ያገኛሉ። ኤስ19 ፕሮ 110 ቴራሃሽ በ3,250 ዋት ነው፤ በዚሁ ስሌት 79 ሳቶሺ ብቻ ይሰጣል።

አሁን የመብራት ሒሳብዎን ያውጡና የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከ79 ወይም ከ134 ሳቶሺ የዕለቱ ዋጋ ጋር ያስተያዩ። ፑሉ (ማሽኖች ተባብረው ሽልማቱን የሚካፈሉበት ቡድን) የሚወስደውን 1 ወይም 2 በመቶም ይቀንሱ። መብራቱ ከበለጠ ማሽኑ በነፃ ቢሰጥዎትም ኪሳራ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ሳንቲሙን ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ካነሰም ልዩነቱ የማሽኑን ዋጋ በስንት ወር እንደሚመልስ ያስሉ። ያ ስሌት ግን ወደ ፊት እየጠበበ እንደሚሄድ አይርሱ፤ የሥራው ክብደት (አንድ ብሎክ ለማግኘት የሚያስፈልገው የሙከራ ብዛት) በየ2,016 ብሎክ፣ ማለትም በሁለት ሳምንት ገደማ ይስተካከላል። ሽልማቱም ብሎክ 1,050,000 ላይ፣ በ2028 ይሆናል ተብሎ በሚጠበቀው ጊዜ፣ እንደገና በግማሽ ይቀንሳል። ፑል ሳይገቡ ብቻዎን ቢሠሩ ደግሞ ከላይ ባለው ቁጥር አንድ ብሎክ የሚደርስዎት በአማካይ በ76 ዓመት ነው።

ማሽኑ ቤት ውስጥ ሲገባ አብረውት የሚመጡት ሦስት ነገሮች መብራት፣ ሙቀትና ጩኸት ናቸው። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው፤ ያውም ያለ እረፍት፣ ሌት ተቀን። የተለመደ ማከፋፈያ ገመድ ይህን ለአንድ ሰዓት የቻለ መስሎ በሳምንቱ ሶኬቱ ጋ ይቀልጣል። ከዋናው ሳጥን የተነሳ የራሱ መስመር ቢያንስ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና በ25 አምፔር ብሬከር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስዘርጉ። ኤስ19 ፕሮ ሁለት የኃይል መግቢያ አለው፤ ሁለቱም መሰካት አለባቸው። የሚበላው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ የሚወጣውን ትኩስ አየር በቱቦ ወደ ውጪ ያስወጡት፤ ያው አየር ተመልሶ ከገባ ማሽኑ በሙቀት ራሱን ያጠፋል። ድምፁ 75 ዴሲቤል ስለሚደርስ ሰው የሚተኛበት ክፍል አይታሰብም።

ያገለገለውን ሲገዙ ቢያንስ አንድ ሰዓት አብርተው ይዩት። የማሽኑ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ሦስት ሃሽቦርድ (ሙከራውን የሚሠራው ሰሌዳ) መታየት አለበት፤ ሁለት ብቻ ከታየ የገቢው ሲሶ የለም። ቅጽበታዊውን ሳይሆን አማካዩን ሃሽሬት ይዩ። ቤት ሲያስገቡት ፈርምዌሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው እንደ አዲስ ይጫኑ፤ ቀድሞ የተጫነው የሥራውን ከፊል በድብቅ ለሌላ ሰው ፑል የሚልክ ሊሆን ይችላል። የመግቢያ ስሙም የይለፍ ቃሉም «ሩት» (root) ሆኖ ስለሚመጣ ይቀይሩት። በመጨረሻም ፑሉ ክፍያ የሚልክበት አድራሻ የራስዎ ዋሌት ይሁን፤ ለአንድ ማሽን የምንመርጠው ኤፍፒፒኤስ የሚባለውን የአከፋፈል ዘዴ ነው፤ ፑሉ ዕድል ቀንቶት ብሎክ አገኘም አላገኘም የሠሩት ይታሰብልዎታል።

ለመማር ብቻ ከሆነ ሞኔሮ የሚባለው ሳንቲም በተራ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ይሠራል። ትርፉ ከቡና ሒሳብ አይዘልም፤ ፕሮግራሙን ግን ከዋናው ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ የተጭበረበረው ቅጂ የሚሠራው ለሌላ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የተሰረቀብኝን ክሪፕቶ 10 በመቶ ቅድሚያ ከከፈልኩ አስመልሳለሁ የሚል «ሃከር» አግኝቻለሁ። (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ አይክፈሉ። የተረጋገጠ ግብይትን የሚቀለብስ ሰው የለም፤ እነዚህ ሰዎች የተዘረፉትን እየፈለጉ ዳግም የሚዘርፉ ናቸው። የግብይቱን መለያ ቁጥርና የሌባውን አድራሻ ይዘው ዛሬውኑ ለፖሊስ ያመልክቱ። ገንዘቡ ወደ የትኛው ኤክስቼንጅ እንደገባ በብሎክቼይን ማሳያ ድረ ገጽ ተከትለው ካዩም ለዚያ ድርጅት ይጻፉ፤ ዩኤስዲቲ ከሆነ ደግሞ አውጪው ድርጅት ቴተር በሕግ አካላት ጥያቄ አድራሻ ማገድ ስለሚችል የፖሊስ ማመልከቻው ቶሎ መግባቱ ዋጋ አለው።